ሁለት ጣት ትርፍ

የሰፈሩ ሰው «ሜትር» ነው የሚለኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ልብስ ስሰፋ መለኪያዬን ከአንገቴ አውርጄ ስለማላውቅ የወጣልኝ ስም ነው። እኩዮቼ በደረቁ ይጠሩኛል፣ ልጆቹ «እትዬ» ይጨምሩበታል። አልጠላሁትም። ሰው ገና በደጄ ሲገባ የትከሻውን ስፋት በዐይኔ ጨርሼ እጠብቀው ነበር። «ከስቻለሁ» እያለ የሚመጣውንም ሳልነካው «የከሳኸው በወሬ ነው» እለው ነበር። ደንበኛ ያበዛልኝ እጄ ነው እንጂ ምላሴ ቢሆንማ ኖሮ ብቻዬን ቁጭ ብዬ መቀስ ሳንቀጫቅጭ በኖርኩ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የሙሽራ ቀሚስ እየቆረጥኩ መቀሱ ከእጄ ወደቀ። ላነሳው ጎንበስ ስል ተከትዬው ወደቅኩ። ሐኪም ቤት ስነቃ «ስትሮክ ነው፤ መትረፍዎም ትልቅ ነገር ነው» አሉኝ። ነፍሴስ ተርፋለች፤ ቀኝ እጄን ግን እዚያው መቀሱ አጠገብ ትቼው የመጣሁ ያህል ነው። ቀኝ እግሬ በከዘራ እየተጎተተ ይከተለኛል፣ እጄ ግን ማንም እንዳልለበሰው እጅጌ ተንጠልጥሎ ቀረ። አንደበቴ ሳምንት ያህል ተኮላትፎ ተመለሰ። ጎረቤቶቼ ያችን ሳምንት እንደ ዕረፍት ጊዜ ነው የሚያስታውሷት።

አንዲት ልጅ አለችኝ። አባቷ ገና ሳትድህ ስለሞተ ሁለታችን ብቻ ነን። ቀያሽ ናት፤ ባለ ሦስት እግር መሣሪያዋን ተክላ፣ አንድ ዐይኗን ጨፍና፣ መንገድ በየት በኩል እንደሚያልፍ ትወስናለች። እኔ ሰው ስለካ ኖርኩ፣ እሷ መሬት ትለካለች፤ ዞሮ ዞሮ አንድ ሙያ ነው እያልን እንቀላለድ ነበር። ከወደቅኩ በኋላ ግን ሜዳውን ትታ ከቤታችን ብዙ የማይርቅ ቢሮ ገባች፤ ሌሎች ለክተው ያመጡትን ወረቀት ላይ ታስተካክላለች። ጠዋት አጥባ አልብሳኝ ትሄዳለች፣ በምሳ ሰዓት እየሮጠች መጥታ ሾርባ አሙቃ አብልታኝ ትመለሳለች። ፀሐይ ያጠቆረው ፊቷ በጥቂት ወር ውስጥ ገረጣ።

አሁን የማወራው የሚያሳፍረኝን ነው፤ ሳላወራው ብቀር ግን የቀረው ታሪኬ ትርጉም የለውም።

በወደቅኩ በአራተኛው ወር ከአንድ የመንገድ ሥራ ድርጅት ደብዳቤ መጣላት። ሩቅ አገር፣ ከዚህ ሁለት ቀን በመኪና የሚያስኬድ ቦታ፣ አዲስ መንገድ ሊቀየስ ነው፤ የቀያሾቹ አለቃ እንድትሆን ፈለጓት። ከተማሪነቷ ጀምሮ ስትመኘው የኖረችው ሥራ ነው። ቆማ አንብባልኝ ስታበቃ «ምን ትያለሽ እማ?» አለችኝ።

«ምን ይባላል! ሂጂ እንጂ» አልኳት።

በግራ እጄ ውኃ የሞላ ብርጭቆ ይዤ ነበር። ለቀቅኩት። ወደቀ አላልኩም፤ ለቀቅኩት። ግራ እጄ ጤነኛ ናት፣ ሌባ ጣቷ እንኳን አልተንቀጠቀጠችም። ብርጭቆው ወለሉ ላይ ተበተነ፣ ልጄ ደብዳቤውን አስቀምጣ መጥረጊያ አመጣች። በማግስቱ እንደማትሄድ ጽፋ ላከች። እኔም «ይቺ እጄ እኮ መያዝ አቃታት» ብዬ አዘንኩ። የአብዬን ወደ እምዬ እንዲሉ፣ የልቤን ፍርሃት በምስኪን እጄ አላከክኩ። ልጄ ግን ክፉ ቃል አልተነፈሰችም። በሳምንቱ ብቻ ብርጭቆዎቹን በሙሉ ሰብስባ ለጎረቤት ሰጠችና በቦታቸው የፕላስቲክ ኩባያ ደረደረች።

ማንም አላወቀብኝም ብዬ ተመስገን አልኩ። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሾርባው አልጥም አለኝ።

በሳምንት ሦስት ቀን ማገገሚያ ክሊኒክ እሄዳለሁ። እዚያ አንድ ለግላጋ ወጣት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አለ፤ እኔ «እጅ ጠምዛዡ» ነው የምለው። ቀኝ እጄን ሲያሸው፣ ሲስበው፣ ሲያጥፈው ይቆይና ለግራዬ ደግሞ ቀይ የላስቲክ ኳስ ይሰጠኛል። «ይጨብጡ፣ ይልቀቁ። ይጨብጡ፣ ይልቀቁ።» ሦስት ሳምንት ጨበጥኩ፣ ለቀቅኩ። በአራተኛው ሳምንት ቱግ አልኩና ኳሱን ወረወርኩት። ግድግዳው ላይ የነበረውን ሰዓት መታው፣ ሰዓቱም ቆመ።

ይጮህብኛል ብዬ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን ሰዓቱን ቀና ብሎ አየና «በግራዎ ነው የወረወሩት?» አለኝ።

«ታዲያ በየትኛው?»

«እትዬ ሜትር፣ ያቺን ትንሽ ሰዓት ከዚህ ሆኜ እኔም አልመታትም። ግራ እጅዎ ዒላማ ያውቃል ማለት ነው። ኳስ መጨበጥ አያንሰውም?»

ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል፤ ልጁ አያያዝ ያውቃል። ዕቃ ቤት ሄዶ ግድግዳ ሲቀባ የተረፈ ሰማያዊ ቀለም በቆርቆሮ፣ አንድ ብሩሽና ጀርባው ነጭ የሆነ አሮጌ የማስታወቂያ ወረቀት ይዞ መጣ። «የሚያውቁትን ነገር ይሣሉ» አለኝ።

«ሕፃን መሰልኩህ?»

«ሕፃን ቢሆኑማ ኖሮ ሰዓቴ በተረፈ።»

የማውቀው ነገር ምንድን ነው? የሸሚዝ ቁልፍ። ስንት ሺህ ተክያለሁ። ክብ ነው፣ መሐሉ ላይ አራት ቀዳዳ። ይኼ ምን ያቅታል ብዬ ብሩሹን ነከርኩ። የወጣው ነገር አይጥ የበላችው ድንች ይመስላል። ሁለተኛው ከዚያ ባሰ። አሥረኛው ላይ ስደርስ ጊዜው አልቆ ሊዘጉ ነበር፣ እኔ ግን «ቆይ አንዴ» እያልኩ ነው። ወረቀቱንም ብሩሹንም ይዤ ቤት ገባሁ።

ልጄ ጠረጴዛው ላይ የተኮለኮሉትን ድንቾች አይታ «ምንድን ናቸው?» አለች።

«ቁልፍ ናቸው። ከሣቅሽ ወየውልሽ።»

አልሣቀችም፣ ከንፈሯን ነክሳ ኩሽና ገባች። እዚያ ስትሥቅ ሰማኋት። ከወደቅኩ ወዲህ በቤታችን የተሰማ የመጀመሪያው ሣቅ ነበርና አልተቆጣሁም።

ቁልፍ ስሥል አንድ ወር አለፈ። አንድ ቀን ከአሮጌ ሸሚዜ አንዱን በጥሼ መስኮቱ አጠገብ አስቀመጥኩትና ዝም ብዬ አየሁት። ሠላሳ አንድ ዓመት ቁልፍ ስተክል አንድም ቀን አይቼው እንደማላውቅ ገባኝ። ጠርዙ ከፍ ብሎ መሐሉ ይጎደጉዳል። ከሥሩ ቀጭን ጥላ አለው፤ በአንድ በኩል ደግሞ እንደ ጥፍር ቁራጭ ያለች ብርሃን ታበራለች። ጥላውን ሰማያዊ አደረግኩ፣ የብርሃኗን ቦታ ባዶ ተውኩት። ወረቀቱን ራቅ አድርጌ ሳየው ቁልፍ ሆኗል። በጣት ሊነሣ የሚችል ቁልፍ። ደስ አለኝ። እንዲያው ምንም ሳይጨመርበት ሳይቀነስበት ደስ አለኝ፣ ብቻዬን ተቀምጬ አለቀስኩም።

ከቁልፍ ወደ ኪስ፣ ከኪስ ወደ ኮሌታ ተሻገርኩ። የሰፋሁላቸውን ሰዎች ልብስ ከነሰውነታቸው ቅርጽ ማስታወስ ጀመርኩ፤ ቦርጩን የሚደብቀውን ሰውዬ ሰደርያ፣ አንድ ትከሻዋ ዝቅ የሚለውን ነርስ ካፖርት። ልብሶቹ ውስጥ ሰው የለም፣ የሰፈሩ ሰው ግን እያየ ይለያቸው ነበር። ሰደርያው የማን እንደሆነ አንዱ ሲናገር ባለቤቱ እዚያው ቆሞ ነበርና ትንሽ ተኮራርፈናል። ቤቴ ውስጥ ቀለም ቀለም ሸተተ፣ እኔም ጠዋት ለመንቃት ምክንያት አገኘሁ።

ክሊኒኩ ውስጥ አብሮን የሚታከም አንድ መምህር ነበር። የሰፈሩን እኩሌታ ፊደል ያስቆጠረ ሰው ነው። የእሱ ስትሮክ እጁንም እግሩንም አልነካም፤ የወሰደበት ንግግሩንና ንባቡን ነው። ክሊኒኩ ረጅም መተላለፊያ አለው፤ ግራና ቀኝ አሥራ ሁለት በር፣ ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም ላይ ቁጥርና ጽሕፈት። አንድ ጠዋት መምህሩ የንግግር ክፍል መስሎት የሴቶች ልብስ መቀየሪያ ገባ። ሴቶቹ ጮኹ። አንዷ «ባለጌ» አለችው። ያ ሰው፣ ስንቱን ሥርዓት ያስተማረ ሰው፣ ተሳስቼ ነው ለማለት አፉን ከፍቶ ቃል አጥቶ ቆመ። ቀረብ ብዬ እጁን ይዤ ወደ ውጭ ወሰድኩት። ከዚያ በኋላ መምጣት አቆመ።

አንጀቴን በላኝ። ለሁለት ቀን ቤት ውስጥ እየዞርኩ ነጭ በር ስራገም ቆየሁና በሦስተኛው ቀን የክሊኒኩን ኃላፊ፣ ዶክተሯን፣ ቢሮዋ ገብቼ ተቀመጥኩባት።

«በሮቹን ስጪኝ» አልኳት።

«ምን ሊያደርጓቸው ነው?»

«ልሥልባቸዋለሁ። ቁጥር ማንበብ ያቃተው ሰው ጫማና ባርኔጣ መለየት አያቅተውም።»

ብዙ አሰበች። በመጨረሻ «አንድ በር እሰጥዎታለሁ። እናየዋለን» አለች። እኔ ደግሞ አንድ በር ከተሰጠኝ አሥራ ሁለቱን እንደምወስድ ዐውቃለሁ።

የመጀመሪያው የንግግር ክፍሉ በር ነበር። ትልቅ ነጭ ሸሚዝ ሣልኩበት፤ ኮሌታው ቆሞ፣ የላይኛው ቁልፍ ተፈቶ፣ ጉሮሮ እንዲተነፍስ። ለእጅ ክፍሉ ጓንት፣ ለእግር ክፍሉ ማሠሪያው የተፈታ ጫማ፣ ለልብ ምርመራ የደረት ኪስ፣ ለራስ ምታት ባርኔጣ። የሴቶች መቀየሪያ ላይ ባለ አበባ ቀሚስ አንጠለጠልኩ። የመጸዳጃ ቤቱ በር ላይ የተፈታ ቀበቶ ስሥል ዶክተሯ መጥታ አየችና አንገቷን ደፍታ ሄደች፤ ትከሻዋ በሣቅ ይርገፈገፍ ነበር።

አንድ ስሕተት ግን ሠራሁ። በር ከመቀባቴ በፊት በልብስ ሰፊ ጠመኔ ዙሪያውን ሁለት ጣት ገባ ብዬ አሰምራለሁ፣ ከዚያ መስመር ወዲያ ብሩሽ አላሻግርም። አስቤ አይደለም፤ ጨርቅ ሲቆረጥ ለስፌት ሁለት ጣት ትርፍ ይተዋል፣ እጄ ሌላ አያውቅም። የመጀመሪያዎቹን አምስት በሮች ከጨረስኩ በኋላ ነው የክሊኒኩ አናጺ፣ የእድሜ እኩያዬ የሆነ ነገረኛ ሰው፣ መጥቶ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ የቆመው።

«ሜትር፣ ቀለም አለቀብሽ እንዴ?»

«ለምን ያልቃል?»

«እና ይኼ ዙሪያው የቀረው ነጭ ምንድን ነው? የእንግዳ መቀመጫ ነው?»

ያኔ ነው እኔም ያየሁት። በር እኮ አይሰፋም። ሥዕሉ እስከ ጫፍ ቢደርስ ምን ይሆን ነበር? አፍሬ ፊቴ ቢቃጠልም «አንተ ምን ገብቶህ! ወግ ነው» ብዬ ዝም አሰኘሁት። ሌሎቹንም ላለመሸነፍ ስል ብቻ በዚያው ልክ ጨረስኳቸው።

መምህሩን እህቱ እጁን ይዛ መልሳ አመጣችው። መተላለፊያው መግቢያ ላይ ቆመ፣ እኔ ጥግ ካለው ወንበር ላይ ሆኜ ትንፋሼን ይዣለሁ። በሮቹን አንድ በአንድ እያየ ሄደ። ጓንቱን አለፈ፣ ጫማውን አለፈ። ሸሚዙ ጋ ሲደርስ ቆመና ጣቱን የተፈታው ቁልፍ ላይ አሳረፈ። ከዚያ የራሱን የላይኛ ቁልፍ ፈታ፣ በሩን ከፍቶ ገባ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። አሁንም ድረስ ሲመጣ ቁልፉን ሳይፈታ አይገባም።

ዝናቡ በጀመረ ሰሞን ሁለተኛው ደብዳቤ መጣ። ያው ድርጅት ነው፤ የመጀመሪያው አለቃ ሥራውን ጥሎ ስለሄደ እንደገና እሷን አሰቧት። በአሥር ቀን ውስጥ መልስ ይፈልጋሉ። ልጄ አልነገረችኝም፤ ጠረጴዛው ላይ ከሥዕል ወረቀቶቼ መሐል ተደባልቆ አገኘሁት።

«ይኼ ምንድን ነው?» አልኳት ማታ እራት ስናቀርብ።

«ምንም አይደል። እምቢ እላቸዋለሁ።»

«ሂጂ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ክፋት የለበትም አስተያየቷ፣ እንዲያውም ፈገግ ብላ ነበር። «እሺ እማ፣ ሾርባሽ እንዳይቀዘቅዝ» አለችና የፕላስቲክ ኩባያዬን አስጠጋችልኝ። አላመነችኝም። ምን ብላ ታምነኛለች? ያንን ቃል ከዚህ በፊት ሰምታዋለች፣ ያኔም የብርጭቆ ስባሪ ነው የጠረገችው። አሥሩ ቀን መቆጠር ጀመረ። እውነቱን ብነግራት ትጠላኛለች፤ ባልነግራት እዚያ ቢሮ ውስጥ ገርጥታ ትቀራለች።

በሦስተኛው ቀን ክሊኒክ ስደርስ መተላለፊያው በእንጨት ፍቅፋቂ ተሞልቷል። በሮቹ ርካሽ ጣውላ ስለነበሩ በዝናቡ እርጥበት ጠርዛቸው አብጦ፣ ተልጦ፣ አንዘጋም ብለው ነበር። አናጺው ሁሉንም ነቃቅሎ የተበላሸውን ጠርዝ ቆርጦ፣ በመላጊያ ልጎ፣ በቦታው ቀጭን እንጨት መትቶ እየመለሳቸው ነው። ሥዕሎቼ በሙሉ ተቆረጡ ብዬ ከዘራዬን እየጎተትኩ ሄድኩ።

አንዳቸውም አልተነኩም። ጓንቱም ሙሉ ጓንት ነው፣ የቀሚሱም ጫፍ እንዳለ ነው። ነጩ ትርፍ ብቻ ነው የቀነሰው።

አናጺው መላጊያውን አስቀምጦ ግንባሩን ጠረገ። «ሜትር፣ አፌን በቁርጥማት ይበለው። ይኼ ሁሉ ዝናብ እንደሚመጣ ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝ» አልኩት። «ልብስ ሲታጠብ ያጥራል፣ ሰው ይወፍራል፣ ልጅ ያድጋል። ትርፍ ያልተወ ሰፊ ኋላ ያፍራል።»

ይህን ስፌት ላስተማርኳቸውም ለደንበኞቼም ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ። ያን ቀን ግን ቃሉ ከአፌ ወጥቶ ወደ እኔው ተመለሰ። ለሰው ልጅ ሁሉ ሁለት ጣት ትርፍ ስተው ኖሬ፣ ለራሴ ልጅ ልክክ አድርጌ፣ ትንፋሽ እንኳን በማያሳልፍ አኳኋን ነው የሰፋሁባት። ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ። አናጺው ያመመኝ መስሎት ውኃ ሊያመጣ ሮጠ።

ቤት ስገባ ልጄ ከሥራ ተመልሳ ልብስ እያጠፈች ነበር። ከዘራዬን ሳላስቀምጥ «ያንን ብርጭቆ አውቄ ነው የጣልኩት» አልኳት።

ያጠፈችውን ፎጣ አስቀመጠች። «አውቃለሁ እማ።»

«ምኑን ታውቂያለሽ?»

«አይቼሻለሁ። ዕቃ ከእጅ ሲያመልጥ እጅ ይከተለዋል። ያንቺ ጣቶች ተከፍተው ቀጥ ብለው ቀሩ።» በጣቶቿ አሳየችኝ። «ማየት እኮ ሥራዬ ነው።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ዓመት ሙሉ አውቃ ሾርባ ስታሞቅልኝ ኖራለች። «ለምን አልሰደብሽኝም?» አልኳት።

«ምን ብዬ እሰድብሻለሁ? ፈርተሽ ነበራ። እኔስ መች ደፍሬ ነበር፤ ወለሉ ላይ ወድቀሽ ያገኘሁሽ እኔ ነኝ።» አጠገቤ ተቀመጠች። «ግን እማ፣ አሁንስ ሂጂ ስትይኝ በምን ልመንሽ?»

ተገቢ ጥያቄ ነው። በአፍ አይመለስም።

«ነገ ጠዋት እንዳታለብሺኝ» አልኳት።

በማግስቱ ጠዋት በሩ ላይ ተደግፋ፣ እጇን አጣምራ ቆመች። እንዳትረዳኝ ቃል አስገብቻታለሁ። ሸሚዙ ራሴ የሰፋሁት ነው፣ ስድስት ቁልፍ አለው። ሞቶ የተንጠለጠለውን እጄን እጅጌው ውስጥ ለመክተት ብቻ ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። ከዚያ ቁልፎቹን በግራ እጄ፣ በዚያች ወር ሙሉ ቁልፍ ስትሥል በከረመችው እጄ፣ አንድ በአንድ ያዝኳቸው። አንዱ ሲያመልጠኝ የማላወጣው ስድብ አልነበረም። ልጄ ሁለት ጊዜ ወደ እኔ ተንቀሳቀሰች፣ ሁለት ጊዜ በዐይኔ መለስኳት። ስጨርስ አርባ ደቂቃ ሆኖኛል፣ ላብ በላብ ነኝ።

መስተዋት ስመለከት አንድ ቀዳዳ ዘልዬ ኖሮ ሸሚዙ በአንድ በኩል ተንሻፏል፣ ኮሌታዬም ጆሮዬ ሥር ገብቷል። የሠላሳ አንድ ዓመት ልብስ ሰፊ። ልጄን አየኋት፣ አየችኝ። ላስተካክልልሽ አላለችም። ቦርሳዋን አንሥታ «ቆንጆ ነው» አለችና ወጣች። እንደተንሻፈፍኩ ክሊኒክ ሄድኩ፤ አናጺው እንኳን ምንም አልተናገረም። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ልጄ መልሷን ላከች።

በሄደች ዕለት ሻንጣዋን ከዘጋች በኋላ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ይዛ ኩሽና ገባች። ፕላስቲክ ኩባያዎቹን አነሣችና በቦታቸው ስድስት አዲስ ብርጭቆ ደረደረች። አቅፋኝ ወጣች። መኪናው ከመታጠፊያው ካለፈ በኋላ እስኪበቃኝ አለቀስኩ፣ ከዚያ ፊቴን ታጥቤ አንዱን ብርጭቆ ሣልኩት። ብርጭቆ መሣል ከባድ ነው፤ የሚታየው ከኋላው ያለው ነገር ነው።

ይኸው አምስት ወር ሆናት። ድምፅዋ ተለውጧል፣ ስትደውል ነፋስ ይሰማል። ችካሎቿን በቀይ ቀለም ስትቀባ እንደኔ እንደምትራገም ነግራኛለች። ጎረቤቴ ጠዋትና ማታ ብቅ ትልልኛለች። ቀኝ እጄ አልተመለሰም፤ ላይመለስም ይችላል። ድሮ ይህን ማለት አልችልም ነበር።

ክሊኒኩ ውስጥ አሁን የራሴ ጠረጴዛ አለኝ። እጅ ጠምዛዡ ኳስ የሚወረውር ሰው ሲመጣበት ወደ እኔ ይልከዋል። ባለፈው ሳምንት የመጣችልኝ የከባድ መኪና ሾፌር ናት፤ ገና ወጣት ናት፣ አደጋ ደርሶባት እጇን አጥታለች፤ ኳሱን ወርውራ መስኮት ሰብራለች። «ምን ልሣል?» ስትለኝ «የምታውቂውን» አልኳት። ጎማ ሣለች። ድንች መሰለ። ኩሽና ሄጄ እንዳልሥቅ ኩሽና የለም፤ ከንፈሬን ነክሼ ቻልኩት።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ቤቴ ተቀምጬ ብሩሼን በብርጭቆ ውኃ ሳጥብ ልጄ ደወለች። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«እማ፣ የአምስት ቀን ፈቃድ ሰጥተውኛል። ማክሰኞ ልምጣ?»

«ማክሰኞማ አይመቸኝም። ማክሰኞ ሾፌሯ አለችኝ፣ ገና ጎማው አልዞረላትም። ሐሙስ ነይ።»

«የሰው እናት ልጇን ናፍቃ ታለቅሳለች!»

«አለቅሳለሁ እንጂ። ሐሙስ አለቅሳለሁ።»

እየሣቅኩ ብርጭቆውን ልደፋ ሳነሣው ቀለም የነካው ጣቴ አዳለጠኝ። ተከተልኩት፣ አልደረስኩበትም። ወለሉ ላይ ተበተነ።

ከስልኩ ነፋሱ ብቻ ይሰማል።

«እማ?» አለች ልጄ፣ በቀስታ።

«ይኼኛው የእውነት ነው» አልኳት። «ሥራሽን ሥሪ። ሐሙስ ስትመጪ አንድ ብርጭቆ ይዘሽ ነይ።»

መጀመሪያ የሣቀችው እሷ ናት። እኔም መጥረጊያውን ፍለጋ ተነሣሁ።